«አይ ሰቨን ነው» ይሉናል፤ ስንተኛው አይ ሰቨን?

ኧረ ይሄ ነገር አሁንስ በዛ። ጉብሬ ላይ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ካሉት ሱቆች ጀምሮ እስከ ወልቂጤ ከተማ ድረስ፣ ላፕቶፕ በሚሸጥበት ሁሉ የሚሰማው ንግግር አንድ ነው፤ «አይ ሰቨን ነው፤ አይ ፋይቭ ነው።» የኢንቴል ፕሮሰሰር መጠሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ የለም። ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ «ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ» ይባላል፤ ደግሞ ከጠየቀ ነገረኛ ይሆናል። ልጁም ያለውን አራግፎ ይከፍልና አይ ሰቨን ገዛሁ ብሎ ወደ ዶርሙ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ እሮሮው ይጀምራል። ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ሃንግ ያደርጋል፣ ከሶኬት ሲነቀል አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። አጠገቡ የሚተኛው ጓደኛው በተመሳሳይ ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ የገዛው አይ ፋይቭ ግን ሥራውን በሰላም ይሠራል። «እንዴት አይ ፋይቭ አይ ሰቨንን ይበልጠዋል?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን መስጠት ሰለቸኝ አልልም፤ የሚያደክመኝ መልሱ ሁልጊዜ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መምጣቱ ነው።

ላፕቶፕ ለዚህ ከተማ ተማሪ ቅንጦት አይደለም። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚማረው አንድሮይድ ስቱዲዮ ይከፍታል፤ ሲቪል የሚማረው አውቶካድ ይከፍታል፤ ኤሌክትሪካል የሚማረው ማትላብ ይፈልጋል። የሌላው ትምህርት ክፍል ተማሪም ቢሆን አሳይመንቱን በስልክ እየነካካ አይዘልቀውም። የመውጫ ፈተናው ራሱ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። እና ይሄ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አባት በሬ ይሸጣል። እናት እቁብ እስኪደርሳት ትጠብቃለች። መርካቶ የሚሠራው ታላቅ ወንድም ደግሞ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ለተማሪው ታናሹ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመርቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። ያን ያህል መሥዋዕትነት የተከፈለበት ዕቃ ምን እንደሆነ በትክክል አለመናገር ቀላል ጥፋት አይደለም።

እስቲ በየሱቁ የምናገኛቸውን ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ናቸው። ሁለቱም 14 ኢንች ናቸው። አንደኛው ጂ 1 ሲሆን ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኮር አይ 7-4600ዩ ነው። ሌላኛው ጂ 5 ነው፤ በውስጡ ኮር አይ 5-8250ዩ አለው። ሻጭ ሁለቱንም «ኤሊትቡክ 840» ብሎ ይጠራቸውና የመጀመሪያውን አይ ሰቨን በመሆኑ በዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ገዢም ሰባት ከአምስት ይበልጣል ብሎ ይስማማል።

ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ ጀነሬሽኑ ነው። 4600 ሲል አራተኛ፣ 8250 ሲል ስምንተኛ ማለት ነው። ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ 10210 ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነበባሉ፤ አሥረኛ ነው። አራተኛው ጀነሬሽን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ይሄኛው ስምንተኛ ደግሞ በ2017 ወጣ። አሮጌው አይ ሰቨን 2 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራ ክፍል፣ ብቻ ነው ያለው፤ በአንድ ጊዜም 4 የሥራ መስመር ያስተናግዳል። አይ ፋይቩ 4 ኮር አለው፤ 8 መስመር ያስተናግዳል። የአሮጌው የውስጥ ማስታወሻ፣ ካሽ የሚሉት፣ 4 ሜጋባይት ነው፤ የሌላው 6። አሮጌው ዲዲአር 3 ራም ላይ ታስሯል፤ አዲሱ ዲዲአር 4 ይቀበላል። ሁሉም ኮር ሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ፣ ፕሮጀክት ኮምፓይል ሲደረግ ወይም ቪዲዮ ሲቀነባበር፣ አይ ፋይቩ ከአይ ሰቨኑ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሠራል። አንድ ኮር ብቻ በሚፈልግ ቀላል ሥራም ቢሆን አይበለጥም።

እዚህ ላይ ሻጩ ሁለተኛ መከራከሪያ ያወጣል፤ ጊጋኸርዝ። ሴቲንጉን ከፍቶ ያሳያል። አይ ሰቨኑ 2.10 ይላል፣ አይ ፋይቩ 1.60 ይላል። «አየህ፣ ይሄ ይፈጥናል» ይላል። ልጁ ምን ይመልሳል? በዓይኑ ያየውን ቁጥር ማን ያስክደዋል? እውነቱ ግን እዚያ የሚታየው ቁጥር፣ ማቀዝቀዣው በደንብ እስከሠራ ድረስ ትልቅ ሥራ ቢጫነውም ፕሮሰሰሩ ከዚያ እንዳይወርድ ዋስትና የተሰጠበት መነሻ ፍጥነት መሆኑ ነው። ሥራ ሲመጣና ሙቀቱ ሲፈቅድ ሁለቱም ከዚያ በላይ ይወጣሉ፤ አሮጌው እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ፣ አዲሱ እስከ 3.4። የአዲሱ መነሻ ዝቅ ያለው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ አራት ኮሮች ያቺኑ ኃይል ስለሚካፈሉ ነው። መጋዘን ውስጥ ሁለት ወዛደር ትንሽ ፈጠን ብለው ቢመላለሱና አራት ወዛደር ትንሽ ቀስ ብለው ቢመላለሱ ጭነቱን ቀድመው የሚያራግፉት አራቱ ናቸው። በዚያ ላይ አዲሱ ፕሮሰሰር በአንዲት ምት ውስጥ የሚጨርሰው ሥራ ራሱ ከአሮጌው ይበልጣል። ጊጋኸርዝን ብቻ ይዞ ሁለት የተለያየ ትውልድ ፕሮሰሰር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ይሄ ስሕተት የጉብሬ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ። ዓለምን ያሳሳተው የፕሮሰሰሮቹ ሠሪ ኢንቴል ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ፔንቲየም 4 ሲወጣ 1.4 እና 1.5 ጊጋኸርዝ ተብሎ ነበር፤ በአንዳንድ ሥራ ግን 1 ጊጋኸርዝ የሆነው አሮጌው ፔንቲየም 3 ይቀድመው ነበር። ገዢ የሚያየው ትልቁን ቁጥር ስለሆነ ኩባንያው ቁጥሩን ማሳደጉን ቀጠለ። በ2004 ፍጥነቱ 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ፣ ሙቀቱም 115 ዋት። ከዚያ በላይ መሄድ አልተቻለም። በዚያው ዓመት 4 ጊጋኸርዝ ሊያወጣ የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ፤ የኩባንያው ኃላፊ ክሬግ ባሬትም በጉባኤ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። መፍትሔው የመጣው ሃይፋ ከተማ ያሉት መሐንዲሶቹ ለላፕቶፕ ከሠሩት ፔንቲየም ኤም ከሚባለው ቆጣቢ ፕሮሰሰር ነው። ጊጋኸርዙ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሥራው ግን ከትልልቆቹ አያንስም። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ የተገነባው በዚያ መንገድ ነው፤ ኩባንያውም ከፊተኛው ፔንቲየም ዲ በ40 በመቶ የበለጠ እየሠራ 40 በመቶ ያነሰ ኃይል ይወስዳል ብሎ አስተዋወቀው። ስቲቭ ጆብስም በ2005 አፕል ወደ ኢንቴል እንደሚዞር ሲናገር ምክንያቱን ያቀረበው በአንድ ዋት ምን ያህል ሥራ ይሠራል በሚል ስሌት ነበር። በ2020 አፕል ከኢንቴል ወጥቶ ኤም 1 የተባለውን የራሱን ሲሠራም ይሄው ስሌት ነው ያስወጣው፤ ማክቡክ ኤሩ ፋን እንኳ አላስፈለገውም። ዓለም ይህን ከጨረሰው ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ አሁንም «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ላይ ቆመናል።

ለእኛ ደግሞ የዋቱ ጉዳይ ከማንም በላይ የእግር እሳት ነው። ጉብሬ ላይ መብራት ይሄዳል። ማመንጫ ጠፍቶ አይደለም፤ ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወጣ የጊቤን ወንዝ እንሻገራለን፤ በዚያ ተፋሰስ ግልገል ጊቤ 184 ሜጋዋት፣ ጊቤ 2 ደግሞ 420 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተገንብተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ደስ ይላል፣ ያኮራል። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ሳይቆራረጥ እስከ ሶኬት ማድረስ የተለያየ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ገና አልተጠናቀቀም። ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፣ ንፋስ ሲመጣ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ምንም ሳይመጣም ይሄዳል። ነገ ፕሬዘንቴሽን ያለበት ልጅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የባትሪ ምልክት እያየ ይጽፋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ቻርጀሩን ይዞ አንድ ዲቫይደር ላይ ይረባረባል፤ ዲቫይደሩም ይግላል። ላይብረሪ ውስጥ ሶኬት ያለበት ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ በጠዋት መምጣት ግድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «ይፈጥናል ወይ?» ከሚለው እኩል «ከሶኬት ሲነቀል ምን ያህል ያሠራል?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሚጠይቅ ግን የለም።

ወደ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እንመለስ። የሁለቱም የኃይል ልክ 15 ዋት ተብሎ ነው የተጻፈው። ይሄን አይቶ «እኩል ይበላሉ» ማለት ግማሹን ብቻ ማየት ነው። አንድ ሥራ አሮጌውን 20 ደቂቃ ሙሉ ከወጠረው በ15 ዋት 5 ዋት-ሰዓት ከባትሪው ላይ ይወስዳል። ያንኑ ሥራ አዲሱ በ10 ደቂቃ ከጨረሰው 2.5 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል፤ ቀሪውን 10 ደቂቃ ሥራ ፈትቶ ብዙ ኃይል ሳይበላ ይቀመጣል። ቆጣቢ የሚባለው ፕሮሰሰር ቀስ ብሎ የሚሠራው አይደለም፤ ቶሎ ጨርሶ የሚያርፈው ነው።

የቪዲዮው ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ተማሪዎቻችን ግማሹን ትምህርት የሚማሩት ከዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ ብዙውን ቪዲዮ ቪፒ 9 በሚባል አጨማመቅ ነው የሚልከው። ስምንተኛው ጀነሬሽን ይህን የሚፈታ የተለየ ክፍል በውስጡ አለው፤ ዋናዎቹ ኮሮች ብዙም አይነኩም። አራተኛው ጀነሬሽን ሲሠራ ቪፒ 9 ገና አልተስፋፋም ነበር፤ ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው በዋናዎቹ ሁለት ኮሮች ላይ ይወድቃል። ውጤቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለቱን ላፕቶፖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ አንድ ዓይነት ትምህርታዊ ቪዲዮ ክፈቱባቸው። ከዚያ ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩት። የአንደኛው ሰማያዊ መስመር ከታች ይሄዳል፤ የሌላኛው ወደ ላይ ይወጣና አይወርድም። ትንሽ ቆይታችሁ እጃችሁን ከኪቦርዱ በላይ በግራ በኩል ብታሳርፉ ሙቀቱ ይነግራችኋል። በጎን ከሚወጣው ትኩስ አየር ጋር የባትሪው መቶኛም እየወረደ ነው።

ባትሪው ራሱ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪም ያገለገለ ነው። 50 ዋት-ሰዓት ሊይዝ የተሠራ ባትሪ ዕድሜና ሙቀት ግማሹን ከበላው 25 ይቀረዋል። ላፕቶፑ በጠቅላላው በአማካይ 10 ዋት ከወሰደ ሁለት ሰዓት ተኩል ያሠራል። 25 ዋት ከወሰደ አንድ ሰዓት፤ በቃ። እንግዲህ የሚበላ ፕሮሰሰርና የደከመ ባትሪ ሲገናኙ ተማሪው ላፕቶፕ ሳይሆን የሚዘጋ ዴስክቶፕ ነው የገዛው። ዊንዶውስ የባትሪውን ሪፖርት የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፤ ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበር፣ አሁን ሲሞላ ስንት እንደሚይዝ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሱቅ ውስጥ ይሄን ክፈቱልኝ ያለ ተማሪ ግን «እኛ ዕቃችንን እናውቃለን» ይባላል። የምታውቁ ከሆነ ምናለ ብታሳዩን?

በጋ ሲሆን የጉብሬ አቧራ ይጨመርበታል። አቧራው ፋኑ ውስጥ ገብቶ ይረጋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባትም በዓመታት ብዛት ደርቋል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያ 3.3 የተባለለት አይ ሰቨን ከ2 በታች ወርዶ ይዳክራል። ልጁ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል፤ ይከፍላል። አይለወጥም። እንደገና ያስደርጋል፤ እንደገና ይከፍላል። ችግሩ ፎርማት ላይ አልነበረም። ከፍቶ አቧራውን የጠረገና ቅባቱን የቀየረ ባለሙያ ቢያገኝ ግማሹ ይቃለልለት ነበር።

አሁን ደግሞ ዓይን ያወጣ ነገር መጥቷል። ስቲከር። ከኪቦርዱ በታች፣ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚለጠፈው የኢንቴል ምልክት ለብቻው ይሸጣል። አይ ፋይቭ ወይም አይ ስሪ የሆነውን አይ ሰቨን የሚል ለጥፈውበት የሸጡ አሉ። ተማሪው ደግሞ ስቲከሩን አይቶ ያምናል፤ ለምን አያምንም? ዕቃው ላይ ተጽፏል እኮ። አንዲት ልጅ የአባቷን ገንዘብ ይዛ ገብታ፣ ስቲከር አይታ ገዝታ፣ ቤት ስትከፍተው የተጻፈው ሌላ ሆኖ ስታገኘው፣ «ከሱቅ ከወጣ በኋላ አናውቅም» ስትባል ማየት ያማል። እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙው ነጋዴ እንዲህ አያደርግም። ግን ዝምታው የብዙዎቹ ነው። የዚህ አገር ሰው፣ ጉራጌ፣ በንግድ የሚታወቀው በታማኝነቱ ነው። አባቶቻችን መርካቶን ያቀኑት ቃላቸው ስለሚታመን ነበር፤ ያን ስም በአንዲት ስቲከር መለወጥ ለማን ይጠቅማል?

«ያገለገለውን ትቼ አዲስ ልግዛ» ያለውም አላመለጠም። ከነካርቶኑ፣ ከነፕላስቲኩ የሚሸጡ ርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ብዙዎቹ ሴሌሮን ኤን 4020 የመሰለ ፕሮሰሰር ነው ያላቸው። 6 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ ባትሪው ይቆያል፤ ይህን አልክድም። ግን 2 ኮር ብቻ ነው፣ መነሻ ፍጥነቱም 1.1 ጊጋኸርዝ። 4 ጊጋባይት ራም ቦርዱ ላይ የተበየደባቸው፣ ማስቀመጫቸውም 64 ጊጋባይት የሆነ አሉ። ዊንዶውሱ ራሱ አብዛኛውን ይይዘዋል። ለጽሑፍና ለፒዲኤፍ ይሆናል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ስለዚህ የሶፍትዌር ተማሪ አዲስ ብሎ ገዝቶ ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። ቆጣቢነት ብቻውን ጀግና አያደርግም። የሚጠየቀው የሚፈለገውን ሥራ እየሠራ ምን ያህል ቆጠበ የሚለው ነው።

ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው ፊደልም አትነገርም። ዩ ካለ ለቀጭን ላፕቶፕ የተሠራ፣ በ15 ዋት አካባቢ የሚሠራ ነው። ኤችኪው ወይም ኤች ካለ 45 ዋት አካባቢ ነው፤ ይፈጥናል፤ ባትሪ ግን ያወርዳል፤ ቻርጀሩም ከባድ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ጀነሬሽን ኤም የሚሉት ብዙ ጊዜ 35 ዋት ናቸው። አይ 7-2620ኤም የሚባለው ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፤ 2 ኮር፣ 35 ዋት። ከላይ ካየነው አይ 5-8250ዩ ጋር ሲወዳደር ከሁለት እጥፍ በላይ የኃይል ልክ ይዞ ከግማሽ በታች ይሠራል። እሱም ግን አይ ሰቨን ነው። ዛሬም «አይ ሰቨን ነው» ተብሎ ይሸጣል። አሮጌና አዲስ አይ ሰቨንን በአንድ ስም እየጠሩ በአንድ ዋጋ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በዚህ ላይ የማይክሮሶፍት ነገር ተደረበ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን የሚገዛ ተማሪ ወይ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰውን እየገዛ ነው፣ ወይ በጓሮ በር ዊንዶውስ 11 ያስጭናል፣ ወይ ሊኑክስ ይለምዳል። ሊኑክስ መልመዱ ለኮምፒውተር ተማሪ በጎ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ግን ምርጫው የሱ መሆን ነበረበት። እውነቱ ተነግሮት፣ ዋጋው እንደ ዕቃው ቀንሶለት፣ አውቆ ቢገዛ ማን ይቆጫል? አሮጌ ዕቃ መሸጥ ወንጀል አይደለም። አቅሙ ለዚያ የሚበቃ ተማሪ አለ፤ አራተኛ ጀነሬሽንም ኤስኤስዲ ተገጥሞለት፣ ራሙ 8 ሆኖ፣ ለጽሑፍ ሥራ ዓመታት ያገለግላል። በደሉ አሮጌውን በአዲሱ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው።

እኛም ገዢዎቹ ንጹሕ አይደለንም። ገብተን የምንጠይቀው «አይ ሰቨን አላችሁ?» ብለን ነው። ነጋዴው የምንፈልገውን ስም ያመጣልናል። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ስልክ ተደውሎ «አይ ሰቨን ይሁን» ስለተባለ፣ መገናኛና መርካቶ ዞሮ በዚያ ስም ርካሹን ይፈልጋል፤ ርካሹ አይ ሰቨን ደግሞ ሁልጊዜ አሮጌው ነው። በዚያው ገንዘብ ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ፣ ካልሆነም ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ ስሪ ሊያገኝ ይችል ነበር። ታላቅ ወንድም ታናሹን ሊያስደስት ብሎ፣ ታናሹ ደግሞ በወንድሙ ፊት አላማርርም ብሎ፣ ያ ላፕቶፕ እየጋለ አራት ዓመት ይዘልቃል። ልጁ ለወንድሙ «አይሠራም» ብሎ መናገር ይከብደዋል። ይሄ የሚያሳዝነኝ ከሁሉ በላይ ነው።

ስለዚህ ልለምን። እናንተ ሻጮች፣ ዋጋ በምትለጥፉበት ወረቀት ላይ ሙሉውን ቁጥር ጻፉት፤ አይ ፋይቭ ብቻ አይደለም፣ አይ 5-8250ዩ ብላችሁ። ራሙን፣ ኤስኤስዲውን፣ ባትሪው አሁን የሚይዘውን አብራችሁ ጻፉ። ቴሌግራም ላይ በምትለጥፉት ማስታወቂያም እንዲሁ። አንድ መስመር ነው፤ አያከስራችሁም። ያገለገለ መሆኑን አውቆ የገዛ ደንበኛ ተመልሶ አይጣላችሁም፤ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

የኮምፒውቲንግ መምህራንም በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች በር ላይ አንድ ወረቀት ቢለጥፉ መልካም ነበር፤ ለዚህ ትምህርት ቢያንስ ይሄ ጀነሬሽን፣ ይሄን ያህል ራም ብለው። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ተመራቂ ክፍል የሆናችሁ ልጆች ደግሞ ዕቃ ለመግዛት ከሚወጣ ፍሬሽ ተማሪ ጋር አብራችሁ ውጡ።

እናንተ ለመግዛት የተዘጋጃችሁ፣ ስቲከሩን እርሱት። ላፕቶፑ ተከፍቶ፣ ዚስ ፒሲ ላይ ራይት ክሊክ ተደርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ ይታያል። ያን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ፈልጉት፤ ስንት ኮር እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደወጣ፣ ስንት ዋት እንደሆነ ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉና እዚያው ሱቁ ውስጥ ቪዲዮ ከፍታችሁ ትንሽ ቆዩ። ሻጩ ይሄን ሁሉ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ቁጥሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።